ልበ ደንዳናነት ምንድን ነው?

ባለፈው ፋሲካ ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሳለ አክስቴ ለጎረቤቷ «ተይው እሱን፤ ልቡ ደንድኗል» አለቻት። የምታማው ልጇ እዚያው አጠገቧ ተቀምጧል። ቤተ ክርስቲያን ከሳመ አራት ዓመት ሊሆነው ነው።

ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስብከት ላይ እንሰማዋለን፤ ስንናደድም እንወረውረዋለን። አላምንም ያለ ሁሉ ልበ ደንዳና ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቃሉን እንዲህ በጅምላ አያድለውም።

ስመ ጥሩው ደንዳና ፈርዖን ነው። የዘጸአት ዕብራይስጥ ለእሱ ልብ ሦስት ግሥ ይጠቀማል፤ ጠነከረ፣ ከበደ፣ ጠጠረ እንደ ማለት ናቸው። ምዕራፍ 8 ላይ ጓጉንቸሩ አልጋው ላይ ወጣ፣ ቡሃቃው ውስጥ ገባ። ያኔ ፈርዖን «ጸልዩልኝ» አለ። ጓጉንቸሮቹ ሞተው ተከመሩ፤ አገሩም ገማ። እፎይ ሲል ነው ልቡን ያደነደነው። እዚህ ጋ መከራው አይደለም ያደነደነው፣ እፎይታው ነው። በምዕራፍ 9 ደግሞ ልቡን ያጸናው እግዚአብሔር ራሱ ነው ይላል። በዚህ ሊቃውንቱ ዘመናቸውን ሙሉ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ እኔ አልገባበትም።

እኔን የገረመኝ የማርቆስ 6 ነው። 5 እንጀራ ለ5,000 ወንዶች ከበቃ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ባሕር ላይ ልባቸው ደንድኖ ነበር የተባሉት ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። እንጀራውን በእጃቸው ያደሉት! የግሪኩ ቃል የመጣው የጥንት ሐኪሞች የተሰበረ አጥንት ሲገጥም ለሚሠራው ጠጣር ነገር ይጠቀሙበት ከነበረ ቃል ነው። በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ተረከዝም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ሳይታሰብ እሾህ አይሰማውም።

የአክስቴ ልጅም ስብራት አለው። ታላቅ ወንድሙ በኩላሊት ሲሰቃይ ጸበል ወሰዱት። አልዳነም። ለቅሶ ላይ አንድ ሰው «እምነት ቢኖራችሁ ኖሮ ይድን ነበር» አለ። ከዚያ ወዲያ ልጁ አልሄደም። ክርክር አንብቦ ወይም ዩቲዩብ አይቶ አይደለም።

ደግሞ እምቢ ያለ ሁሉ ደንዳና አይደለም። በዮሐንስ 12 ከአለቆች ብዙዎቹ አምነዋል፤ ከምኩራብ እንዳይባረሩ ፈርተው ግን ዝም አሉ። ይሄ የሰው ፍርሃት ነው። አገረ ገዢው ፊልክስ የጳውሎስን ነገር ሰምቶ ደነገጠ፤ «ለአሁኑ ሂድ፣ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ» አለው። ጉቦም ይጠብቅ ነበር። ደጋግሞ አስጠራው፣ ሁለት ዓመት አለፈ፣ በመጨረሻም እንደታሰረ ትቶት ሄደ። የቶማስ ደግሞ ጥርጣሬ ነው። ካላየሁ አላምንም ብሎ ከወንድሞቹ አልተለየም፤ ከስምንት ቀን በኋላ እዚያው ቤት አብሯቸው ነበር።

አክስቴ «ደንድኗል» ስትል ልጁ ሳቅ አለና ዝም አለ። በልተን ስንጨርስ እጃችንን እያስታጠበ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ የወንድሜ ሙት ዓመት ፍትሐት ለመቼ ነው የተያዘው?»