«ሀገሩን የሚወድ ኔት ኒውትራሊቲን አይደግፍም» እና ሌሎች ያሰለቹኝ ወሬዎች

ሥራዬ ኔትወርክ ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሰው ሁሉ ስለ ኢንተርኔት ያለውን አቋም መጀመሪያ እኔ ላይ የሚሞክረው። ሰሞኑን አንዱን ወሬ ደጋግሜ ሰማሁት፤ በቲክቶክ ላይቭ፣ በቢሮ ቡና ሰዓት፣ ሠርግ ላይ ሳይቀር። «ኔት ኒውትራሊቲ የፈረንጅ አጀንዳ ነው፤ ሉዓላዊነቷን የምታስከብር ሀገር አትቀበለውም።» አነጋገራቸው ደግሞ ሕጉን ራሳቸው ያረቀቁት ነው የሚመስለው። በቃ፣ አንዴ ልጻፈውና ከዚህ በኋላ ለሚጠይቀኝ ሊንኩን ልላክለት።

ኔት ኒውትራሊቲ፣ የኢንተርኔት ገለልተኝነት የምንለው ማለት ነው፣ ሐሳቡ ቀላል ነው። መስመሩን የሚሸጥላችሁ ቴሌኮም በመስመሩ ላይ የሚያልፈውን አይምረጥ። አንዱን አፕ አያፍጥን፣ ሌላውን አያንቀርፍፍ፣ አይዝጋ፣ ከፋይ ኩባንያም አያስቀድም። ሉዓላዊነትን የሚያስቀድመው ወገን ደግሞ «በድንበሬ ውስጥ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ኢንተርኔትም ከዚህ አይወጣም» ይላል። ሁለቱ እንዴት እንደሚተያዩ ነው ጨዋታው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ትንንሾቹን ቶሎ ላራግፋቸው።

«ኔት ኒውትራሊቲ ማለት ኢንተርኔት በነጻ ማለት ነው።» አይደለም። ለጊጋባይታችሁ ትከፍላላችሁ፤ ምን ላይ እንደምታውሉት ግን ሻጩ አይመርጥላችሁም።

«ሕጉ ካለ መንግሥት የወንጀል ገጽ እንኳ መዝጋት አይችልም።» ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት የ2015 ደንብ በሕግና በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚዘጋ ነገር በሩን ክፍት አድርጎ ትቷል።

«የአሜሪካ ሕግ ነው፣ ሊጭኑብን ነው።» ስሙን ያወጣለት ቲም ዉ የተባለ የሕግ መምህር ነው፣ በ2003። መጀመሪያ ሕግ አድርጋ ያጸደቀችው ግን ቺሊ ናት፣ በ2010። አሜሪካማ በ2015 ጠንካራ ደንብ አወጣች፣ በ2017 ሻረችው፣ በ2024 መለሰችው፣ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት ጣለው። ራሷ ይዛ ማቆየት ያልቻለችውን ነው የምትጭንብን?

«ኢንተርኔት ሲዘጋ ኔት ኒውትራሊቲ ተጣሰ ማለት ነው።» ይሄ የኛው ሰፈር ስህተት ነው። በጁን 2020 መጨረሻ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ የተመረጠ አፕ አልነበረም። ሁሉም እኩል ጠፋ፤ ከዚያ በላይ ገለልተኝነት ከየት ይመጣል! በፌብሩዋሪ 2023 ግን ሌላው እየሠራ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ለወራት ታገዱ። መምረጥ ማለት ይሄኛው ነው። ሁለቱም ሰው ጎድተዋል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ሉዓላዊነትን የሚያስቀድም ሁሉ ኔት ኒውትራሊቲን ይቃወማል።»

ብራዚልን እዩ። በ2013 ኤድዋርድ ስኖውደን የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ የስለላ ባለሙያ ያወጣቸው ሰነዶች የአሜሪካ የስለላ ተቋም የፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍን ግንኙነት ሳይቀር ይጠልፍ እንደነበር አጋለጡ። ሩሴፍ ወደ ዋሽንግተን ሊያደርጉት የነበረውን ጉብኝት ሰረዙ። በሴፕቴምበር በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቆመው ሉዓላዊነታችን ተደፈረ አሉ። እዚያው ንግግር ውስጥ ዓለም ይስማማባቸው ብለው ከዘረዘሯቸው መርሆዎች አንዱ ምን ነበር? የኔትወርክ ገለልተኝነት። በኤፕሪል 2014 «ማርኮ ሲቪል» የተባለውን የኢንተርኔት ሕግ ፈረሙ፤ ገለልተኝነቱ አለበት። የሚገርመው፣ የዜጎች ዳታ በብራዚል ምድር ይቀመጥ የሚለው የሉዓላዊነት አንቀጽ በድርድር ወድቆ የገለልተኝነቱ አንቀጽ መጽናቱ ነው። ያ ሕግ በሉዓላዊነት ቁጣ ነው የተገፋው።

ህንድ ደግሞ ይበልጥ ታስተምራለች። ፌስቡክ «ፍሪ ቤዚክስ» የሚባል ነገር ይዞ ገባ። ከአንድ የሀገሩ ቴሌኮም ጋር ተዋውሎ፣ ዳታ የሌለው ሰው የተመረጡ ጥቂት ገጾችን በነጻ እንዲከፍት ያደርጋል። መራጩ ማነው? ፌስቡክ። በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ፤ ድሆችን ላገናኝ ነው አለ። ህንዶቹ «ዲጂታል ቅኝ ግዛት» አሉት። የኢስት ኢንዲያ ካምፓኒን ታሪክ ያልረሳ ሕዝብ ነው፤ ንግድ ነኝ ብሎ ገብቶ ሀገር የገዛ ኩባንያ ያውቃል። በፌብሩዋሪ 8፣ 2016 የሀገሪቱ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ በይዘት እየለዩ ዋጋ መተመንን ከለከለ፤ ፍሪ ቤዚክስም ወጣ። በማግስቱ የፌስቡክ የቦርድ አባል የነበረው ማርክ አንድሪሰን ፀረ ቅኝ ግዛት አቋም የህንድን ኢኮኖሚ ለአሥርት ዓመታት ጎድቷል የሚል ትዊት ለቀቀ። ጉድ ፈላ! ሰውየው ጽሑፉን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ዙከርበርግም ንግግሩ እኔን አይወክልም አለ። ኔት ኒውትራሊቲን እየደገፉ «ሀገሬ» ብለው የጮኹት እነዚያ ህንዶች የፈረንጅ ተላላኪ ነበሩ?

«እንግዲያው ሉዓላዊነት የኔት ኒውትራሊቲ ወዳጅ ነው» ለሚለኝ ደግሞ ቆይ እላለሁ።

ያቺው ህንድ በኦገስት 2019 ካሽሚር ላይ ኢንተርኔት ቆረጠች። በጃንዋሪ 2020፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ፣ መስመሩ በቱጂ ፍጥነት ተመለሰ። እንዴት ተመለሰ? የተፈቀዱ ድረ ገጾች ዝርዝር ወጣ። ወሩ ሳያልቅ ዝርዝሩ 301 ደርሶ ነበር። ማኅበራዊ ሚዲያ የለበትም። ከዝርዝሩ ውጭ ያለው አይከፈትም። ፌስቡክ ገጽ ሲመርጥ ቅኝ ግዛት የተባለው፣ መንግሥት ሲመርጥ ፀጥታ ማስከበር ተባለ። ፎርጂ የተመለሰው በፌብሩዋሪ 2021 ነው።

ሩሲያ ደግሞ ሉዓላዊነቱን መሣሪያ ውስጥ ከተተችው። በኖቬምበር 2019 ሥራ ላይ በዋለው «የሉዓላዊ ኢንተርኔት» ሕግ፣ ትራፊክ (በመስመሩ የሚያልፈውን ዳታ) እየፈተሸ የሚለይ ሳጥን በየቴሌኮሙ ይተከላል። የሚያዘው ቴሌኮሙ ሳይሆን ሮስኮምናድዞር የሚባለው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ነው፣ ከሩቅ ሆኖ። በማርች 2021 ትዊተርን ለማንቀርፈፍ አዋሉት። እዚህ ጋ ለኔ ቢጤ ሥራ ፈት ኔትወርከኛ የሚጣፍጥ ነገር አለ። ትዊተር ሊንክ የሚያሳጥርበት አድራሻ «ቲ ዶት ሲኦ» ነው። ማጣሪያው ይህቺን የፊደል ቅንጣት በአድራሻው ውስጥ ያየበትን ሁሉ ያዘ። አሁን «ማይክሮሶፍት ዶት ኮም»ን በላቲን ፊደል ጻፉት። ማይክሮሶፍት በቲ ያበቃል፣ ከዚያ ዶት፣ ከዚያ ሲኦ። «ሬዲት ዶት ኮም»ም እንደዚያው። እነሱም አብረው ተንቀረፈፉ።

ከዚያ በፊት በጃንዋሪ 2020 ፑቲን በዓመታዊ ንግግራቸው ጠቃሚ የሚባሉ የሀገር ውስጥ ድረ ገጾች ለሕዝቡ በነጻ ይከፈቱ ብለው ነበር። ይሄማ ያው ፍሪ ቤዚክስ ነው፤ ባንዲራው ተቀየረ እንጂ።

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ የሉዓላዊነት አስተሳሰብ በኔት ኒውትራሊቲ ላይ የማይለወጥ አቋም የለውም። ጥያቄው ኬላው ላይ ማን ቆሟል ነው። የውጭ ኩባንያ ከቆመ «ኬላው ይነሳ» ይላል፤ የራሱ ሰው ሲቆም ኬላው የሀገር መከታ ይሆናል። ብራዚል የተለየችው ኬላ በማንም እጅ አይቆምም ብላ በሕግ ስለጻፈች ነው። «ሉዓላዊነት» ሲባል የሰማችሁ ጊዜ መራጩ ማነው ብላችሁ ጠይቁ። ሌላው ጩኸት ነው።

አንድ የምትቀር አለች፤ ደም ሥሬን የምታስነሳው። «ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ በሀገራችን መስመር በነጻ ይጠቀማሉ፣ ይክፈሉ!» ሀገር ወዳድ ትመስላለች። ግን ቪዲዮው ዝም ብሎ አይመጣም፤ ደንበኛው ነው የሚጠራው፣ ለጥሪውም ጥቅል ገዝቶ ከፍሏል። ለአንድ ዕቃ ከሁለት ሰው ልቀበል ነው ነገሩ። ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። ኤስኬ ብሮድባንድ የሚባለው የኢንተርኔት አቅራቢና ኔትፍሊክስ ዓመታት ተካሰው በሴፕቴምበር 2023 ታረቁ። ትዊች የሚባለው የቀጥታ ቪዲዮ መድረክ ግን የኔትወርክ ክፍያው ከአብዛኞቹ ሀገሮች አሥር እጥፍ ነው ብሎ በፌብሩዋሪ 2024 ለቆ ወጣ። የተጎዳው ማነው? እዚያ እንጀራውን ይበላ የነበረ ኮሪያዊ።

«ይሄ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው፣ እኛን አይነካም» የምትሉ ደግሞ ገልፍ ያለ ዘመድ የላችሁም መሰለኝ። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ናት። ዋትስአፕ ትጽፍልኛለች፣ ድምፅ ትልካለች፣ መደወል ግን አትችልም። ኤምሬትስ የኢንተርኔት ጥሪን የምትፈቅደው ፈቃድ ላላቸው አፖች ነው፤ ለዚህ ነው ሐበሻው ሁሉ ቦቲም ላይ ያለው። ቴሌኮሞቹ መንግሥት ትልቅ ድርሻ ያለባቸው ናቸው። በ2018 መጀመሪያ አንዱ ለእንዲህ ያሉ አፖች የጥሪ ጥቅል ሲያወጣ በወር 50 ድርሃም ነበር፣ ከዳታው ሌላ። በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ 50 ድርሃም ቀልድ አይደለም። ሳዑዲ በሴፕቴምበር 2017 ደንቧን ለሚያሟሉ የጥሪ አፖች እገዳዋን አንስታለች፤ ሉዓላዊነቷ ግን ያው እንደነበረ አለ።

«ታዲያ አፔ ተለይቶ መጎተቱን በምን አውቃለሁ?» ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ በዚያው መስመር ሌላ ከባድ ነገር ክፈቱ፤ ሁሉም ከተጎተተ ችግሩ የኔትወርክ መጨናነቅ ነው፣ ሴራ አትፈልጉ። አንዱ ብቻ ከሆነ በሌላ ቴሌኮም ሲም ሞክሩት። ከዚያ ቪፒኤን (የምትከፍቱትን ከቴሌኮሙ ሸፍኖ በሌላ ቦታ የሚያሳልፍ አፕ) አብሩ። ቪፒኤን በልማዱ ያዘገያል፤ ያ አፕ ቪፒኤን ሲበራ ከፈጠነ ግን መንገድ ላይ አንድ ሰው እየለየው ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ። ሰዓቱን ጻፉ፣ ስክሪንሾት ያዙ፣ ቅሬታ ስታቀርቡ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

ይህን ሙከራ ዱባይ ላለ ዘመድ እንዳትመክሩ ብቻ። እዚያ በቪፒኤን ተሸፍኖ የተከለከለ ነገር ማድረግ ከ500 ሺህ ድርሃም የሚጀምር ቅጣት አለው። ቦቲም ትጠቀም፤ ዋይፋይ ያለበት ቀን ጠብቃችሁ እናንተ ደውሉላት።