በንቃት ማዳመጥ ምንድን ነው?

በንቃት ማዳመጥ ማለት ሰው የሚነግረንን ነገር የራሳችንን መልስ ለጊዜው አቆይተን ከነስሜቱ ለመረዳት መሞከር፣ ከዚያም የተረዳነውን በራሳችን አነጋገር ለባለቤቱ መልሰን ነግረን ልክ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከተራ መስማት የሚለየው ይህ ማረጋገጫ ነው። ራሱን እየነቀነቀ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ በትክክል መስማቱን ግን ራሱም ሆነ ተናጋሪው የሚያውቁበት መንገድ የለም። "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" የሚለው ቃል ከተናጋሪው አፍ እስኪወጣ ድረስ ማዳመጡ ገና አላለቀም።

ስያሜው የአሜሪካዊዎቹ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የካርል ሮጀርስና የሪቻርድ ፋርሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ማዕከል በኩል ያሳተሙት ጽሑፍ በተለይ የሚያተኩረው በአለቃና በሠራተኛ መካከል ባለው ንግግር ላይ ነበር። ብዙ ሰው ነገሩን የባልና ሚስት ምክር ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ይህ መታወቅ አለበት። የፈረቃ ኃላፊ፣ የወረዳ ባለሙያ፣ ነርስ፣ መምህር፣ ሁሉም ይፈልገዋል።

ለምን ይከብዳል?

ችግሩን ሁልጊዜ ከባለጌነት ጋር ማያያዝ ልክ አይመስለኝም። አእምሯችን ራሱ የሚቸኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ አሥር ቋንቋዎችን ያነጻጸረ ጥናት እንዳሳየው አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። አንዲት ቃል አስቦ ለማውጣት ግን 600 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ያስፈልጋል። ስለዚህ መልሳችንን የምናሰናዳው ሰውየው ገና እየተናገረ ሳለ ነው፤ በዚያች ሰዓት ጆሯችን ክፍት ቢሆንም ሐሳባችን ሌላ ሥራ ይዟል።

ይህ ጥድፊያ በአማርኛ ዋጋው ከፍ ይላል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቁርጡ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ ነው። አንዲት ሴት "ሥራውን ለቅቄ አገር ቤት ልገባ ፈልጌ…" ብላ ስትጀምር ቀጥሎ "ነበር፤ አሁን ተውኩት" ልትል ትችላለች። "ነው የደወልኩልህ" ልትልም ትችላለች። "አይደለም" ብላ ነገሩን ሁሉ ልትገለብጠውም ትችላለች። "ልገባ ፈልጌ" ላይ "አበድሽ እንዴ!" ብሎ የገባ ሰው ያልተባለ ነገር ላይ ተቆጣ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ልማድ ቀላል ነው፦ ማሰሪያ አንቀጹን ጠብቁ፤ ከመጣ በኋላም ሦስት ሰከንድ ያህል ቆዩ። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚያወጣው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ሦስት ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና እንደሚሻል አሳይታለች።

"ማን ጊዜ አለው?" የሚለው ቅሬታ በተለይ በሥራ ቦታ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ሐኪሞች ሕመምተኛውን የሚያቋርጡት ንግግሩን በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ እንደሆነ አገኘ። በ2002 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐኪሞች 335 ሕመምተኞችን ሳያቋርጡ እንዲሰሙ ሲደረግ ደግሞ ሰዎቹ በአማካይ የተናገሩት 92 ሰከንድ ብቻ ነበር፤ ከአምስቱ አራቱ ያህሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰዋል። የምንፈራው ረጅም ወሬ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ሲሠራ ምን ይመስላል?

ሐዋሳ፣ ዳቶ አካባቢ በአንድ ኪራይ ቤት የሚኖሩ ሁለት እህትማማቾችን እናስብ። ታናሽየዋ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። አንድ ቀን ከሰዓት ተነሥታ፣

"እኔ በቃ እዚህ ቤት መኖር ሰልችቶኛል" ትላለች።

የተለመደው መልስ "ምን ጎደለብሽ? እኔ ባንቺ ዕድሜ እኮ…" ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው ስለ ታላቋ ይሆናል። ታላቋ ግን ትንሽ ቆይታ፣

"ሰልችቶኛል ስትዪ ቤቱ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?" ብትላት፣

"ቤቱማ ምን አለው! ጠዋት ደክሞኝ ስገባ እናንተ ቡና ታፈላላችሁ፣ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ሳቁ፣ ጫጫታው… ከዚያ ደግሞ ስነሣ የምሰማው ነገር!"

"እንደገባኝ ቤቱን አልጠላሽውም። ሌሊት ሠርተሽ መጥተሽ ቀን እንቅልፍ ማጣትሽ ነው ያማረረሽ። ልክ ነኝ?"

"እንቅልፉንስ እችለዋለሁ። 'ስትተኚ ነው የምትውይው' መባሌ ነው።"

"ስትሠሪ አድረሽ ሰነፍ መባልሽ ነው የከነከነሽ።"

"አዎ! እሱ ነው!"

ታላቋ በመጀመሪያ የመለሰችው ስህተት ነበር፤ ግን ሥራውን ሠርቷል። ታናሽየዋ ልታርመው ስትል እውነተኛው ነገር ወጣ። ለዚህ ነው መልሶ መናገር በእርግጠኝነት ሳይሆን በጥያቄ ድምፅ መሆን ያለበት። "እንደገባኝ"፣ "ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ"፣ "ልክ ነኝ?" የሚሉት ቃላት ለተናጋሪዋ የማረም መብት ይሰጧታል። ታላቋ እዚያው በመጀመሪያው ግምቷ ላይ ቆማ "በይ ከነገ ጀምሮ ቡናውን ውጭ እናፈላለን" ብትል ኖሮ ደግነት ነው፤ ግን ቅሬታው እንዳለ ይቀር ነበር።

የመለሰችውም አጭር ነው። ከተነገረን ነገር ሩብ ያህሉ ይበቃል፤ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር። የተባለውን ቃል በቃል መድገም ያናድዳል፤ ሰውየው የሚሾፍበት ይመስለዋል። ስሜቱን ስም መስጠትም የሥራው አንድ ክፍል ነው፦ ከነከነሽ፣ አሳፈረህ፣ ፈራሽ፣ ተስፋ ቆረጥክ። ግን ያልተባለ ስሜት መጨመር የለብንም። "ቅር አለኝ" ያለን ሰው "ስለዚህ ጠላኸው" ብንለው ወዲያው ይዘጋል።

ጥያቄም ልክ አለው። "ለምን እንዲህ አደረግህ?" በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ክስ ስለሚሰማ መልሱ መከላከያ ይሆናል። "ምን ገጥሞህ ነው?"፣ "ከዚያስ?"፣ "እስቲ እሱን ዘርዘር አድርገህ ንገረኝ" የተሻለ ይከፍታሉ። ሦስት ጥያቄ በላይ በላዩ ከደረደርን ደግሞ ምርመራ ነው የሚመስለው፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ የተረዳነውን አንዴ መልሰን መናገር ይህን ያለዝበዋል።

የሚበላሸው የት ነው?

አንደኛው "እሺ" ላይ ነው። ሰው ሲያወራን "እሺ… እሺ…" እንላለን። ለእኛ "እየሰማሁህ ነው" ማለት ነው፤ ለተናጋሪው "ተስማምቻለሁ" ሊሆን ይችላል። ከሳምንት በኋላ "እሺ ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?" ይመጣል። ለመከታተያ "እህ"፣ "አሃ" ወይም ያቺን ወደ ውስጥ የምትሳብ ትንፋሽ መጠቀምና "እሺ"ን ለስምምነት ማስቀመጥ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

ሁለተኛው "አይዞሽ" ነው። መልካም ቃል ነው፤ ቶሎ ሲመጣ ግን ወሬውን ይዘጋዋል። ሰውዬው ገና ሕመሙን ሳይጨርስ የተጽናና እንዲመስል ይገደዳል። መጀመሪያ ተረድታችሁ "አዎ፣ እሱ ነው" ከተባላችሁ በኋላ በሉት፤ ያኔ ቃሉ አንጀት ያርሳል።

ስልክ ላይ እያፈጠጡ "ንገረኝ፣ እየሰማሁህ ነው" ማለት የሚጎዳው ሰሚውን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ተናጋሪዎች ያጋጠማቸውን አደገኛ ነገር ሲተርኩ ሰሚዎቹ በጎን ሌላ ሐሳብ የሚከፍል ሥራ እንዲሠሩ ተደረገ። ተራኪዎቹ ራሳቸው ታሪኩን በደንብ መናገር አቃታቸው፤ በተለይ ዋናው ቦታ ላይ ሲደርሱ ተንተባተቡ። ስለዚህ "እሱ እኮ ነገር አይገልጽም" ከማለታችን በፊት እኛ እንዴት እንደሰማነው ማየት ያስፈልጋል።

ቦታም ይወስናል። ሙዚቃ የሚጮህበት ካፌ ለከባድ ጉዳይ አይሆንም። ሐዋሳ ያለ ሰው ግን ሐይቁ ዳር አለለት። ጎን ለጎን እየሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ከመፋጠጥ ይቀላል፤ በተለይ ወንድ ልጅ ከአባቱ ጋር ሲያወራ።

ከውጭ የመጡ መመሪያዎች "ዓይን ዓይኑን እያየህ አዳምጥ" ይላሉ። ለእኩያ ጥሩ ነው። ታላቅን በዚያ መጠን ትክ ብሎ ማየት ግን ለብዙዎቻችን ድፍረት ነው፤ አንገትን ትንሽ ሰበር አድርጎ፣ ሰውነትን ወደ እሳቸው መልሶ መስማት በቂ ነው። መልሶ መናገሩም አክብሮቱን ይዞ ይሂድ፦ "ጋሼ፣ በደንብ ገብቶኝ እንደሆነ፣ እርስዎ ያሳሰበዎት ገንዘቡ ሳይሆን ሳይነገርዎት መደረጉ ነው፤ አጥፍቼ ከሆነ ያርሙኝ።" ይህ ዓይነቱ ሥርዓት ለአካባቢው ባዕድ አይደለም። የሲዳማ አባቶች አፊኒ በሚሉት የመመካከሪያና የእርቅ ወግ ጉዳዩ መሰማቱ የሚጠየቀው ፍርድ ከመነገሩ በፊት ነው።

ሐዋሳ ላይ ሌላም ምክንያት አለ። አማርኛ ለብዙው ነዋሪ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሰው በአማርኛ ሲነግረን ቃሉን ሳይሆን ሐሳቡን ማረጋገጥ አለብን። ስሜት በሌለበት ጉዳይም ቢሆን መጠንና ሰዓት መልሶ መናገር ያዋጣል። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በስልክ ዓሣ የሚያዝዝ የሆቴል ሰው "ለቅዳሜ 20 ኪሎ" ብቻ ብሎ ስልኩን ከዘጋ ችግር አለ። "20 ኪሎ ቆሮሶ፣ ፊሌቶ የወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት፤ ነው?" ብሎ የሚያረጋግጥ ዓሣ ሻጭ ሙሉውን ከነአጥንቱ አምጥቶ አይጣላም።

መቼ አይሆንም?

እሳት ሲነሣ፣ ሰው ሲደማ "ተጨንቀሃል ማለት ነው?" አይባልም፤ ይሮጣል። "ሪፈራል ሆስፒታል በየት በኩል ነው?" ብሎ ለጠየቀ መንገደኛም መንገዱን ማሳየት ነው። መረዳት መስማማት እንዳልሆነም ግልጽ መሆን አለበት፤ "የተናደድክበት ገብቶኛል፣ ግን ውሳኔው አይለወጥም" ማለት ይቻላል፤ ውሸት ከሌለበት ሰው ይቀበለዋል። ስድብና ዛቻ ሲመጣ ደግሞ ማዳመጥ ግዴታ አይደለም።

ሲደክመንም መስማት አንችልም። ያኔ እያዛጉ ከመቀመጥ "አሁን በደንብ አልሰማሽም፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንቀመጥ" ማለት ይሻላል። ሰዓቱ የተቆረጠ ይሁን፤ ሁለት ሰዓት ሲሞላም ወሬውን መጀመር ያለበት የቀጠረው ሰው ነው።