የካምሻፍት «ቆይታ» ምንድን ነው?

ካምሻፍት የሞተሩን ቫልቮች፣ ማለትም የአየር ማስገቢያና የጭስ ማስወጫ በሮቹን፣ በጉብታዎቹ እየገፋ የሚከፍት ዘንግ ነው። ሞተር ተፈትቶ ሲታደስ የካምሻፍቱ ጉብታ ተበልቶ ከተገኘ መቀየሩ ግድ ነው። አዲሱን ለመምረጥ ሲታሰብ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባው በዲግሪ የተጻፈ ቁጥር ነው፦ 250፣ 270፣ 290። ቆይታ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ትልቁን ቁጥር የተሻለ አድርጎ ይወስደዋል። ለዕለት ተዕለት መኪና በሚደረግ ምርጫ ግን እንደዚህ ቁጥር የሚያሳስት ነገር አላውቅም።

ቆይታ ማለት ቫልቩ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) የሚዞረው የዲግሪ መጠን ነው። ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ማለትም 720 ዲግሪ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ፒስተኑ ከላይ ወደ ታች ለመውረድ 180 ዲግሪ ይበቃዋል። ታዲያ ቫልቩ 250 ዲግሪ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለምንድን ነው?

አየር ክብደት ስላለው ነው። ቆሞ የነበረ አየር ለመነሣት ይዘገያል፤ ከተንደረደረ በኋላ ደግሞ በቀላሉ አይቆምም። በደቂቃ 1000 ዙር ላይ አንድ የፒስተን ጉዞ 30 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል፤ በ6000 ዙር ግን 5 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ። በዚህች ቅጽበት ሲሊንደሩ እንዲሞላ የማስገቢያው ቫልቭ ፒስተኑ መመለስ ከጀመረ በኋላም ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የተንደረደረው አየርም ፒስተኑ እየመጣበት እንኳ መግባቱን አያቋርጥም። ዙሩ ዝቅ ሲል ግን ያ ግስጋሴ የለም። የገባው አየር ባልተዘጋው በር ተገፍቶ ይወጣል፤ እመቃው ይቀንሳል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፤ ፍሬንን የሚያግዘው ቫኩምም ይዳከማል። ስለዚህ ቆይታን ማርዘም ጉልበትን ከታችኛው ዙር አንሥቶ ወደ ላይኛው መውሰድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ1500 እስከ 4000 ዙር ባለው ውስጥ ለሚነዳ መኪና ይህ ኪሳራ ነው፤ በተለይ የሞተሩ የእመቃ ምጣኔ ዝቅተኛ ከሆነ።

ሁለት ካምሻፍት ሲነጻጸር የአለካኩ ዘዴ መታየት አለበት። አንዱ አምራች ቫልቩ ገና ሲነቃነቅ መቁጠር ይጀምራል፤ ሌላው ገፊው (ጉብታው ላይ አርፎ ግፊቱን ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፈው ክፍል) 1.27 ሚሊ ሜትር ከተነሣ በኋላ ይቆጥራል። ያው አንዱ ካምሻፍት በመጀመሪያው 270፣ በሁለተኛው 220 አካባቢ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ይህን ሳያዩ መግዛት ሜትርን ከክንድ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ገፊዎቹ ጠፍጣፋ ከሆኑ ከአዲሱ ካምሻፍት ጋር አዲስ ይግቡ። አሮጌ ገፊ ከአሮጌው ጉብታ ጋር ተላምዶ ስላለቀ አዲሱን በአጭር ጊዜ ይበላዋል። በዚህ ላይ ቁጠባ አይሠራም።

ቆይታው ወይም የቫልቩ ከፍታ ከቀድሞው ከበለጠ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ለመጨረሻ ጊዜ ከመታሰሩ በፊት ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር እንዳይጋጭ መፈተሽ አለበት። በፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ የሸክላ ጭቃ ይለጠፋል፤ ቴስታታው ለጊዜው ይታሰራል፤ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ቀስ ብሎ ይዞራል። ከዚያ ተፈትቶ ጭቃው በምላጭ ይቆረጥና በጣም የሳሳው ቦታ ይለካል። በተለምዶ በማስገቢያው ቫልቭ በኩል ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር፣ በማስወጫው በኩል ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይፈለጋል።