የሳይንስ ትምህርት በወሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በወሎ ስለ ሳይንስ ትምህርት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ደሴ ነው። ደሴ ሲባል ደግሞ ወይዘሮ ስሂን። በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ይህ አንጋፋ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ቀለሜዎች ሲያሰባስብ ኖሯል። በ1955 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራንም ደሴ ላይ አስተምረዋል። ዛሬ ስሙ በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነት ቀጥሏል። የሁለተኛ ደረጃውን ሸክም እነ ሆጤና መምህር አካለወልድ ይዘውታል።

በደርግ ጊዜ የፔዳጎጂ ማዕከላት ከካርቶን፣ ከሽቦና ከእንጨት መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር።

ብዙ የሚወራለት ግን ትምህርት በቴሌቪዥን የተሰጠበት የፕላዝማው ዘመን ነው። በ1997 ዓ.ም. እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሳተላይት መሰራጨት ጀመሩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ለክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቅና ማንም ሳይመልስ "ጎበዞች" ብሎ ያልፋል እየተባለ ተቀልዶበታል። መብራት ከጠፋ አለቀ፤ ስርጭቱ አይጠብቅም። ተማሪውን ጎድቷል የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እውነትም አላቸው። ሆኖም ቤተ ሙከራ (ላብ) ለሌለው የገጠር ትምህርት ቤት ሙከራ ሲሠራ ማየቱ ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚያ ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን የሚያደራጀው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ። ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

ወሎ ራሱ ግን ጥሩ ቤተ ሙከራ ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ በሆነችው ደሴ ቴርሞሜትሩ 92 አካባቢ ይቆማል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ወደ 94 ይጠጋል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ ለማስረዳት ምድጃ፣ ድስትና ቴርሞሜትር ይበቃሉ። አሲድና ቤዝ የሚለየው ሊትመስ ከጠፋም የቀይ ጽጌረዳ የአበባ ቅጠሎችን ቀቅሎ ማጥለል ነው። ሎሚ ሲጨመርበት ይቀላል፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በርካታ የወሎ ትምህርት ቤቶች ተዘረፉ፣ ወደሙም። ግን ላብ ከዚያም በፊት ደህና አልነበረም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ብቻ ስለሆነ ቡሬት (የላብ መለኪያ ቱቦ) ነክቶ የማያውቅም ሊደፍነው ይችላል። ጊዜ ሲያጥር ቀድሞ የሚታጠፈው የላቡ ክፍለ ጊዜ ነው።