«ሳዑዲም እንደ ዱባይ ሆናለች» ለሚሉን ደንበኞች

በጉዞ ወኪልነት የሚሠራ ሰው በየዕለቱ የሚሰማው የተሳሳተ ወሬ ብዙ ነው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ በ2019 ሴፕቴምበር መጨረሻ ለ49 አገሮች ዜጎች የኤሌክትሮኒክ የቱሪስት ቪዛ መስጠት ከጀመረች ወዲህ ግን «አሁን እኮ ሳዑዲም እንደ ዱባይ ሆናለች» ከሚለው አባባል በላይ ያሰለቸኝ የለም። ይህን የሚነግሩኝ ሰዎች በአብዛኛው አገሩን ረግጠው የማያውቁ፣ በሪያድ የተካሄደ የሙዚቃ ድግስ በቲክቶክ ያዩ ናቸው። ስለዚህኛው ብዙ የምለው ስላለኝ አነስተኛ የሆኑትን ስህተቶች አስቀድሜ ልጨርስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባም።» ይገባል። የማይገባው ወደ መካ ከተማና በመዲና ወደ ነቢዩ መስጊድ ክልል ብቻ ነው።

«ሴት ያለ ወንድ ዘመድ አትጓዝም፤ አባያም (ሰፊው ረጅም የሴት ካባ) ግዴታ ነው።» ሁለቱም ጊዜ ያለፈባቸው ናቸው። የውጭ አገር ሴት ብቻዋን ሆቴል መያዝ ትችላለች፤ አባያም አትገደድም፤ ሆኖም ትከሻንና ጉልበትን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ለወንድም ለሴትም የሚጠበቅ ነው።

«ከ2019 በፊት ጎብኚ አልነበረም።» ምዕመናን ለሐጅና ለዑምራ (ከሐጅ አጠር ላለው የመካ ጉዞ) ወደዚያ ሲጎርፉ አሥራ አራት ክፍለ ዘመን አልፏል። አዲስ የሆነው ለመዝናናት የሚመጣው እንግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን በዲሴምበር 2018 በሪያድ አጠገብ ባለችው ዲርዒያ ለተካሄደው ፎርሙላ ኢ የሚባል የኤሌክትሪክ መኪና ውድድር በተሰጠ ልዩ ቪዛ አስቀድሞ ተሞክሯል።

«በዓመት መቶ ሚሊዮን ቱሪስት ይገባል።» ይህ ቁጥር ከመንግሥት መግለጫ የተወሰደ ቢሆንም የሚነበበው በተሳሳተ መንገድ ነው። በ2023 ተመዘገበ የተባለው ከመቶ ሚሊዮን በላይ ጉብኝት በአገራቸው ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ሳዑዲያውያንና ነዋሪዎችን ይጨምራል። ከውጭ የገባው ወደ 27 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ለዑምራ፣ ለንግድና ቤተሰብ ለመጠየቅ የመጣው ሲቀነስ፣ ሻንጣውን ይዞ አገር ለማየት ብቻ የገባው ሰው ወሬው እንደሚለው ብዙ አይደለም።

«ከአሸዋ ሌላ ምን ይታያል?» ይህን የሚጠይቅ ሰው በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ዐል ዑላ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን ሄግራን አላየም። በዮርዳኖስ ያለችውን የፔትራን ከተማ የሠሩት የጥንቶቹ ናባጣውያን ከአለት የፈለፈሏቸው ከመቶ በላይ ታላላቅ መቃብሮች የሚገኙበት ይህ ስፍራ በ2008 በዩኔስኮ የተመዘገበ የአገሪቱ የመጀመሪያ ቅርስ ነው። ከመቃብሮቹ መካከል ቀስር አል ፈሪድ የሚባለው ብቻውን በቆመ አለት ላይ የተቀረጸ ሲሆን፣ የላይኛው ክፍሉ ልስልስ ብሎ ተጠርቦ ሳለ ወደ መሬት የቀረበው ክፍሉ ገና የመሮ ምት እንዳረፈበት ሻካራ ሆኖ ቀርቷል፤ ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች ይወርዱ እንደነበር የታወቀውም ሳይጨርሱት በመተዋቸው ነው። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ቆሞ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእስልምና ትውፊት የሰሙድ ሕዝብ በቅጣት የጠፋበት ምድር ስለሆነ፣ ብዙ ሳዑዲያውያን ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ሲሸሹት የኖሩ ስፍራ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ወግ አጥባቂ አገር ለቱሪስት ሲከፈት ከቪዛ ይልቅ የሚከብደው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ወደ ደቡብ ወርዶ የአብሃን ተራሮች የሚያይ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በእኛ ደጋ የሚበቅለውን ጥድና በገደሉ አፋፍ የሚንጎራደደውን ዝንጀሮ ሲያገኝ አገሩን ለቆ መውጣቱን ይጠራጠራል።

እንግዲህ ወደ ዱባይ ልመለስ። ሳዑዲ ለጎብኚ የተከፈተችው ዱባይን ለመምሰል ጓጉታ ሳይሆን፣ በ2014 አጋማሽ በርሜሉ ከመቶ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው ነዳጅ በ2016 መጀመሪያ ከሠላሳ ዶላር በታች በመውረዱ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ይፋ የሆነው «ራዕይ 2030» የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ቱሪዝምን ከነዳጅ ውጭ ካሉት የገቢ ምንጮች አንዱ አደረገ፤ ባሕሬንና ዱባይ ሄዶ የሚፈሰውም የዜጎች ገንዘብ በአገር ቤት እንዲቀር ተፈለገ። በ2018 ሲኒማ ቤት የተከፈተውና ሴቶች መኪና እንዲነዱ የተፈቀደው፣ ከዚያም ቀደም ብሎ የሃይማኖት ፖሊሱ ሰው የማሰር ሥልጣኑን ያጣው ከዚሁ ሐሳብ ጋር ተያይዞ ነው። የተለወጠው ነገር፣ መንግሥት እንዲለወጥ የመረጠው ብቻ ነው፤ ያልመረጠው እንዳለ አለ፤ ደንበኞቼ ሊሰሙኝ የማይፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው መጠጥ ነው። በሳዑዲ አልኮል ከ1952 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በ2024 መጀመሪያ በሪያድ የዲፕሎማቶች ሰፈር የተከፈተው መሸጫ ሙስሊም ላልሆኑ ዲፕሎማቶች የታሰበ እንጂ ለቱሪስት አይደለም። በሜይ 2025 «በስድስት መቶ ቦታዎች መጠጥ ሊፈቀድ ነው» የሚል ወሬ ዓለምን ሲዞር የአገሪቱ ባለሥልጣን አስተባብለዋል፤ ከዚያም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በብሪታንያ የሳዑዲ አምባሳደር በ2034ቱ የዓለም ዋንጫ በሆቴል እንኳ መጠጥ እንደማይኖር በግልጽ ተናግረው ነበር። በነገራችን ላይ ዱባይን የሚጠቅሱልኝ ሰዎች በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ባለችው ሌላዋ የኤምሬቶች ግዛት ሻርጃ የመጠጥ ሽያጭ የተከለከለ መሆኑን አያውቁም፤ ስለዚህ ኤምሬቶችም ቢሆኑ እነሱ የሚያስቡት ዓይነት አንድ ወጥ አገር አይደሉም። አንድ ደንበኛዬ ጅዳ ላለ ወንድሙ የአገር ቤት አረቄ በውኃ ፕላስቲክ ሞልቶ ሊወስድ እንደሆነ ትኬቱን ሲቀበል እንደ ቀልድ ነገረኝ። «ከውኃ ማን ይለየዋል?» አለኝ። ሻንጣውን ከፍቶ ፊቴ እስኪያወጣው ድረስ ትኬቱን አልለቀቅሁለትም፤ ተቀይሞኛል፤ ይቀየመኝ።

ከአረቄው የሚብሰው ጫት ነው። ለእኛ በየገበያው የሚሸጥ፣ ለውጭ ንግድ የሚላክ ቅጠል ስለሆነ «ትንሽ ለራሴ» የሚል ሰው አይጠፋም። በሳዑዲ ሕግ ግን የተከለከለ አደንዛዥ ዕፅ ነው። አገሪቱ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣት መፈጸሙን ለተወሰነ ጊዜ ገታ አድርጋ ቆይታ በኖቬምበር 2022 እንደገና ጀምራለች፤ ከዚያ ወዲህ ሐሺሽና መሰል ዕፅ በማዘዋወር ከተቀጡት የውጭ ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙባቸዋል። በረመዳን የሙዚቃ ድግስ ይኑር አይኑር ከመጠየቅ ይልቅ ይህን ማወቅ ይቀድማል። ሰው የሰጣችሁን ጥቅል ሳትፈቱ አትቀበሉ፤ ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ የሐኪም ማዘዣውን ያዙ፤ ከመጓዛችሁም በፊት የሳዑዲን ፈቃድ ጠይቁ፤ ያለ ማዘዣ የያዛችሁትን ደግሞ እዚሁ ተዉት።

ንግግርም እንደዚያው ነው። ቤተሰቡን ለመጠየቅ በ2021 ሪያድ የገባ ሳዑዲያዊ አሜሪካዊ አዛውንት፣ አሜሪካ ሆኖ በትዊተር በጻፋቸው አሥራ አራት መልእክቶች ምክንያት ታስሮ 16 ዓመት ተፈርዶበታል። በ2023 ከእስር ቢወጣም ከአገር እንዳይወጣ ታግዶ ቆይቷል። በአደባባይ ሥነ ምግባር ደንቡ ደግሞ ያለፈቃድ ሰው ፎቶ ማንሳትና በጸሎት ሰዓት ሙዚቃ ማሰማት ያስቀጣል፤ ስለዚህ ለቲክቶክ የምትቀርጹ ሰዎች በተለይ ሴቶችና ቤተሰቦች ባሉበት ካሜራችሁን ዝቅ አድርጉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀሩት ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎች ስለ ቪዛ ናቸው። ሙስሊም ደንበኞቼ «በቱሪስት ቪዛ ሐጅ ይደረጋል» ይላሉ። ከሐጅ ወቅት ውጭ ዑምራ ይደረጋል፤ ሐጅ ግን አይደረግም። በ2024 ሐጅ ሙቀቱ መካ ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ደርሶ ከሞቱት ከ1,300 በላይ ሰዎች 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸው ነበሩ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳንና አውቶቡስ ስለማያገኝ ረጅሙን መንገድ በፀሐይ ይጓዛል። በቀጣዩ ዓመት ቅጣቱ እስከ 20,000 ሪያል፣ ከአገር መባረርና ለአሥር ዓመት አለመመለስ ሆኗል።

ሁለተኛው «በቱሪስት ቪዛ ገብቶ እዚያ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማውጣት» የሚባለው ነው፤ ይህን የሚነዙት ደላሎች ናቸው። በመጀመሪያ ደረጃ የኢትዮጵያ ፓስፖርት በኤሌክትሮኒክ ቪዛው ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በዚያ መንገድ በቀላሉ የሚገቡት የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ ወይም የአሜሪካ፣ የብሪታንያ ወይም የሸንገን ቪዛ አግኝተው የተጠቀሙበት ሰዎች ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ የቱሪስት ቪዛ መሥራትን አይፈቅድም፤ ወደ ሥራ ፈቃድም አይዞርም። በ2013 መጨረሻ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ የተመለሱት ሕጋዊ ወረቀት ባለመያዛቸው እንደነበር ልናስታውስ ይገባል። ለሥራ የሚሄድ ሰው ውሉን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አስመዝግቦ፣ አሠሪው ማን እንደሆነ፣ ደመወዙም ስንት እንደሆነ አንብቦ ይሂድ። ደላላ «ገብተህ ታስተካክላለህ» ብሎት የቱሪስት ቪዛ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲገጥመኝ የመመለሻ ትኬቱንና የሆቴል ማስያዣውን እጠይቀዋለሁ፤ ሁለቱም ከሌሉት ከእኔ ዘንድ ትኬት አያገኝም።