ሆራስ ግሪሊ ከሞተ በኋላ ድምፁ የት ገባ?

ስለ 1872ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ምርጫ ስናወራ አንድ ጥያቄ ይመላለሳል። ግሪሊ 2.8 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ አግኝቶ እንዴት በመጨረሻው ቆጠራ ዜሮ ሆነ?

ግሪሊ የኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ መሥራችና አዘጋጅ ነበር። በፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት አስተዳደር ሙስና የተማረሩት፣ ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ የተገነጠሉት ሊበራል ሪፐብሊካኖች ዕጩ አደረጉት፤ ዴሞክራቶችም ደገፉት። ግን በግራንት ተሸነፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም፤ በየግዛቱ ወኪል መራጮችን ነው የሚመርጠው። ወኪሎቹ ድምፅ የሚሰጡት ከሳምንታት በኋላ ነው። ያኔ ቀኑ ዲሴምበር 4 ነበር። ግሪሊ ደግሞ ኖቬምበር 29 አረፈ። ስለዚህ ወኪሎቹ ድምፃቸውን ለተለያዩ ሰዎች በተኑት። ጆርጂያን እንውሰድ፦ ከ11 ወኪሎቿ 6ቱ ለምክትል ዕጩው ለግራትዝ ብራውን፣ 2ቱ ለቻርልስ ጄንኪንስ፣ 3ቱ ለሟቹ ግሪሊ ሰጡ። ኮንግረስ እነዚህን 3 ድምፆች አልቆጠረም። ያን ሁሉ ሕዝብ ያሰበ ሰው ያዝናል፤ ውጤቱ ግን በዚህ አልተቀየረም፣ ግራንት ቀድሞውኑ በሰፊው አሸንፎ ነበር።

የወኪሎቹ ሥርዓት ዛሬም አለ። እመርጠዋለሁ ብሎ ቃል የገባለትን ዕጩ ትቶ ሌላ የመረጠ ወኪል ምን ይደረጋል የሚለው ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አንዳንዱ ድምፁን ይሰርዛል፣ አንዳንዱ ምንም አይለውም።