የኢንፍሉዌንዛ ዓመታዊ ክትባት በጎጃም፦ ማን ይቅደም?

ጎጃም ውስጥ አፍንጫው የፈሰሰም፣ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ የዋለም "ጉንፋን ያዘኝ" ይላል። ተራ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ግን የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ በድንገት ይጥላል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማትና ደረቅ ሳል ይዞ ይመጣል፤ አቅም ባነሰው ሰው ላይ ወደ ሳንባ ምች ይዞራል። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ ይኸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለውም የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ክትባቱ በየዓመቱ የሚደገመው ቫይረሱ መልኩን ስለሚለዋውጥና የመከላከል አቅሙም በወራት ውስጥ ስለሚደክም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቅንብሩን በዓመት ሁለት ጊዜ ይከልሳል፤ በየካቲት ለሰሜኑ፣ በመስከረም ለደቡቡ የዓለም ክፍል። የአምናው ብልቃጥ ለዘንድሮ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ነፍሰ ጡር ትከተብ፤ እርግዝናዋ ስንተኛ ወር ላይም ቢሆን። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ይህን ክትባት መውሰድ አይችልም፤ በዋናነት የሚጠብቀው ከእናቱ በእትብት የሚያገኘው መከላከያ ነው። አራስ ቤት ደግሞ ጠያቂ አይጠፋውም፤ ገንፎ ሊቀምስ የገባ ሁሉ ሕፃኑን ያቅፋል። አያትና አብሮ የሚኖር ቤተሰብም ቢከተብ ሕፃኑን ይከልላል። ከዚያ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አረጋውያን፣ አስም፣ የልብ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ እንዲሁም የጤና ባለሙያዎች ይከተላሉ። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ ሕመሙ ቶሎ ይዛመታል፤ ክትባቱ ጥቂት ከሆነ ግን መቅደም ያለባቸው ያረጁት የኔታ ናቸው።

ክትባቱ ሕፃናት በጤና ኬላ በነፃ ከሚወስዷቸው መደበኛ ክትባቶች ውስጥ የለም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ያለው "ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ" ባክቴሪያ እንጂ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አይደለም። ስሙ የተመሳሰለው በ1890ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ተመራማሪዎች ባክቴሪያው የኢንፍሉዌንዛ መንስኤ መስሏቸው ስላወጡለት ነው። የኢንፍሉዌንዛው ክትባት ከመደበኛዎቹ ውስጥ ስለሌለ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ከመነሣት በፊት ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ደውሎ ክትባቱ መኖሩን ማረጋገጥ ይሻላል።

ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ሊትር በላይኛው ክንድ ጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ለጨቅላ ጭን ላይ። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት የሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ልጅ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ አለበት፤ አንዱ ብቻውን አይበቃውም። መከላከያው እስኪጠነክር ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ ይቀመጣል። ሙቀት ያዳክመዋል፤ በረዶ መሆን ግን የባሰ ነው፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም አይረባም፣ ይጣላል። ወደ ጮቄ ተራራ ሥር ላሉ ቀበሌዎች ሲወሰድ አይስ ፓኩ (ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው የበረዶ መያዣ) ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ሳጥን ውስጥ መግባት የለበትም፤ ሲነቀነቅ ውስጡ ውኃ እስኪሰማ ይቆይ።

የተወጋው ክንድ ለአንድ ሁለት ቀን ሊያምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ሰው "ክትባቱ ጉንፋን አመጣብኝ" የሚለው በዚህ ነው፤ በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ግን ሕያው ቫይረስ የለውም። ከዚህ ቀደም በዚሁ ክትባት ከባድ አለርጂ የገጠመው ሰው አይውሰድ፤ ከባድ ትኩሳት ያለበት እስኪሻለው ይቆይ።

የተከተበም ሊታመም ይችላል፤ ክትባቱና ቫይረሱ በተስማሙበት ዓመት የሚከላከለው ከ40 እስከ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ሕመሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀልለታል። ዳማከሴ ጨምቆ መጠጣት የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁንና ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ሕፃን መጥባት ከተወ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ያስፈልጋል።